ፈጣን መንገድ ላይ ማዝገምም ያስገጫል
«ቀስ ብዬ ከነዳሁ ምንም አልሆንም» የምትሉ ካላችሁ፣ ፈጣን መንገድ ላይ ይህ ሁልጊዜ አይሠራም። እዚያ አደገኛው የፍጥነት ልዩነት ነው። እናንተ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ከኋላ ያለው በ100 ቢመጣ፣ በየሰከንዱ ወደ 14 ሜትር ይጠጋችኋል። በመሃላችሁ 100 ሜትር ቢኖር እንኳ ያለው ጊዜ 7 ሰከንድ ያህል ነው። ሾፌሩ ደግሞ ከሩቅ ሲያያችሁ እንደ እሱ የምትሮጡ ይመስለዋል። የምታዘግሙ መሆናችሁ የሚገባው አጠገባችሁ ሲደርስ ነው። ማታ ይብሳል፤ የሚታየው ሁለት ቀይ መብራት ብቻ ነዋ! እናንተን ቢያልፋችሁም ድንገት ረድፍ ቀይሮ ሌላውን ሊገጭ ይችላል።

ስለዚህ መግቢያው ላይ እያላችሁ ነዳጅ ስጡና ፍጥነታችሁን ከሌሎቹ ጋር አመሳስሉ። ጫፉ ላይ ቆሞ ከዜሮ መነሳት ከባድ ነው። ከገባችሁ በኋላ የዝግተኞቹን ረድፍ ያዙ፤ የመቅደሚያውን ለሚቀድም ተዉለት። መኪናው ጉልበት ካነሰው ፍሬቻዎቹን ሁሉ አብርታችሁ በመጀመሪያው መውጫ ውጡ። ዝናብና ጭጋግ ሲሆን ግን ሌላ ነው፤ ያኔ ሁሉም መቀነስ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ መኪና ውስጥ ወሬ ሲደራ እግር ሳይታወቅ ከነዳጁ ላይ ይላላል። የፍጥነት መለኪያውን አልፎ አልፎ አየት አድርጉት።