ማየትም መስማትም ለተሳነው ቤተሰብዎ በአሜሪካ አገልግሎት የሚያገኙበት መንገድ

ወንድሜ ከተወለደ ጀምሮ መስማት የተሳነው ነው። ማታ ማታ የቡናውን ረከቦት በእግሩ እየመታ ሲኒ መስበር የጀመረው ግን ዐሥራ ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ሲሆን፣ እኛም ነገሩን የጉርምስና ግድየለሽነት አድርገን ቆጥረነው ነበር። ቀን ቀን ኳስ የሚጫወት፣ መጽሐፍ የሚያነብ ልጅ ዓይኑ ታሟል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ከዓመታት በኋላ አንድ የዓይን ሐኪም የእይታውን ስፋት ለክቶ፣ ወንድሜ ዓለምን በጠባብ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው እየተመለከተ መሆኑን ነገረን። ሕመሙ አሸር ሲንድሮም ይባላል፤ በዘር የሚተላለፍ፣ መስማትንም ማየትንም የሚጎዳ ሕመም ነው።

ከዚያ በኋላ አገልግሎት ፍለጋ የደከምነው ድካም ከሕመሙ ያላነሰ ነበር። ዓይነ ስውራንን የሚያገለግለው ቢሮ ቀጠሮ ለማስያዝ ስልክ ይደውልለታል፤ መስማት የተሳናቸውን የሚያገለግለው ቢሮ ደግሞ በኮምፒውተር መስኮት ጥግ ላይ በትንሹ የሚታይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያቀርብለታል። አንዱ በማይሰማ ጆሮው፣ ሌላው በማያይ ዓይኑ ሊያነጋግረው ይሞክራል። መስማት የተሳነው ሰው በዓይኑ፣ ማየት የተሳነው ሰው በጆሮው ያካክሳል፤ ሁለቱም ለተሳነው ሰው የቀረው ማካካሻ እጁ በመሆኑ፣ የሚያስፈልገው አገልግሎት ከሁለቱም የተለየ ነው። በአሜሪካ ይህን ለይቶ የሚያውቅ ሕግ፣ ለዚሁ የተመደበ ገንዘብና ለዚሁ የተቋቋመ ማዕከል አለ። ብዙ ወገኖቻችን ግን በስሙ ጠይቀው ስለማያውቁ በሩ አጠገብ ቆመው ይመለሳሉ። በየቢሮው ሲቀርቡ «ዴፍብላይንድ» (DeafBlind፣ ማየትም መስማትም የተሳነው) የሚለውን ቃል ራስዎ ይጥሩት፤ ተቀባዩ ሠራተኛ እስኪለው ድረስ አይጠብቁ።

በመጀመሪያ ስሙ በወረቀት ላይ ይስፈር

ቃሉን የሚሰማ ሰው ጨርሶ የማያይና ጨርሶ የማይሰማ ሰው ብቻ ነው የሚታየው። በፌዴራል ሕግ የተቀመጠው ትርጉም ግን ከዚያ የሰፋ ነው። የተሻለው ዓይን በመነጽር ታርሞም 20/200 ወይም ከዚያ በታች የሚያይ ወይም የእይታ ስፋቱ ከ20 ዲግሪ የማይበልጥ፣ በመስሚያ መሣሪያ ታግዞም አብዛኛውን ንግግር መለየት የማይችል፣ የሁለቱ ጉዳት መደራረብም ራሱን ችሎ እንዳይኖር ወይም እንዳይሠራ በእጅጉ የሚያስቸግረው ሰው በትርጉሙ ውስጥ ይገባል። እያደር እየባሰ ወደዚያ ደረጃ የሚያደርስ ሕመም ያለበት ሰውም ይካተታል።

በዚህ ትርጉም መሠረት በየቤታችን ያሉ አረጋውያንን መለስ ብሎ ማየት ይገባል። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ መጥተው ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አንዲት እናት ግላኮማ ዓይናቸውን፣ ዕድሜ ጆሯቸውን ሲያደክምባቸው፣ እንግዳ ሲመጣ ዝም ብለው ጥግ መቀመጥ ሲጀምሩ፣ «አርጅተዋል» ይባልና ይታለፋል። እኒህ እናት ከታች የምጠቅሳቸውን አገልግሎቶች ለማግኘት የሚበቁ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስለዚህ ሁለት ምርመራዎችን በተቀራራቢ ጊዜ ያስደርጉ፤ አንደኛው የእይታ ስፋትን ጭምር የሚለካ የዓይን ምርመራ፣ ሁለተኛው የመስማት ችሎታ ልኬት ነው። ውጤቶቹን ይዘው ከሐኪሙ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጠይቁ። ደብዳቤው የሁለቱን ጉዳት ልክ ከገለጸ በኋላ፣ ሁለቱ ተደራርበው በዕለት ተዕለት ኑሮ ላይ ያመጡትን ችግር በግልጽ ቋንቋ ቢያስረዳ፣ ለምሳሌ ብቻውን መንገድ መሻገር ወይም ስልክ መነጋገር እንደማይችል ቢጠቅስ፣ ብዙ ምልልስ ያስቀርልዎታል። እኛ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ያጻፍነው ከዓይን ሐኪሙ ብቻ ስለነበር ሁለት ጊዜ ተመልሶብናል።

መስማት የተሳነው ሆኖ የተወለደ ልጅዎ መራመድ የጀመረው ዘግይቶ ከሆነ፣ ሲመሽ የሚደናበር ወይም ከጎኑ ያለን ዕቃ የሚገጭ ከሆነ፣ የዘረመል ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቁ። አሸር የሚከሠተው እናትም አባትም ሳያውቁት ዘረመሉን ተሸክመው ሲገኙ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁን የመያዝ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የማንም ጥፋት ወይም እርግማን አይደለም። እናቴ ይህን ከዘረመል አማካሪዋ አፍ ስትሰማ አለቀሰች፤ ያን ያህል ዓመት ጥፋቱን በራሷ ላይ ጭና ኖራለች። ጠበል የሚያስጠምቁ ቤተሰቦችም ጠበሉን ከምርመራው ጋር ጎን ለጎን ያስኬዱት እንጂ ምርመራውን ለነገ አያሳድሩት፤ ዓይኑ ጨርሶ ሳይደክም ብሬልና የዳሰሳ ምልክት፣ ማለትም የተናጋሪውን እጅ በመዳሰስ የሚነበብ የምልክት ቋንቋ፣ የተማረ ልጅ ብዙ ይቀለዋል።

መሣሪያውን ያለ ክፍያ ማግኘት

ደብዳቤው በእጅዎ ከገባ በኋላ ቀድመው ሊያመለክቱበት የሚገባው፣ በብዙዎች ዘንድ አይካንኮኔክት በሚል ስም የሚታወቀው ፕሮግራም ነው። በ2010 የወጣ ሕግ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለዚህ ሥራ በየዓመቱ እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲመድብ ፈቅዷል፤ በየስቴቱም ማመልከቻ የሚቀበል ድርጅት አለ። የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ አራት እጥፍ መብለጥ የለበትም። ጣሪያው ከፍ ያለ በመሆኑ ሥራ ያላቸው ቤተሰቦችም «እኛ አይሰጠንም» ብለው ሳያመለክቱ መቅረት የለባቸውም። ሜዲኬይድ፣ ፉድ ስታምፕ ወይም ኤስ ኤስ አይ የሚያገኝ ሰው የዚያን ማስረጃ ካቀረበ ስለ ገቢው ሌላ ወረቀት አይጠየቅም። ጉዳቱን የሚያረጋግጠው ባለሙያም የግድ ሐኪም መሆን የለበትም፤ በቅርብ የሚያውቀው መምህር ወይም የመስማት ችሎታ ባለሙያ ሊፈርምለት ይችላል።

የሚሰጡት ዕቃዎች ለመገናኛ የሚያገለግሉ ናቸው፤ ስልክ፣ ኮምፒውተር፣ ጽሑፍ የሚያጎላ ፕሮግራም፣ መልእክት ሲገባ በንዝረት የሚያስታውቅ መሣሪያ፣ እንዲሁም የብሬል ማሳያ። የብሬል ማሳያ ከስልክ ጋር የሚገናኝ፣ በላዩ ያሉት ጥቃቅን ጫፎች ብቅ ጥልቅ እያሉ በስልኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣት እንዲነበብ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። በ2013 ከሐርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት በመመረቅ ማየትም መስማትም ከተሳናቸው የመጀመሪያ የሆነችው ሐበን ግርማ ከሰዎች ጋር የምትነጋገረው በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ አነጋጋሪዋ በቁልፍ ሰሌዳ ይጽፋል፣ እርሷ በጣቷ ታነባለች፣ በድምፅዋም ትመልሳለች።

ከዕቃው ጋር የሚሰጠውን ሥልጠና ግን ፈጽሞ አይዝለሉት። ወንድሜ መሣሪያውን በተቀበለ በመጀመሪያው ወር ከሣጥኑ አላወጣውም ነበር። አሠልጣኙ ቤታችን መጥቶ ደጋግሞ ካስተማረው በኋላ፣ እናቴ ከማእድ ቤት ሆና «ቡና ፈልቷል» የሚል መልእክት በላቲን ፊደል በአማርኛ ላከችለት። ጣቱ በመስመሩ ላይ ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ፤ ከዚያ ተነሥቶ መጣ።

ብሬል ለሚያነብ ወይም ለሚማር ሰው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥር ያለው ለዓይነ ስውራን የተቋቋመ ብሔራዊ አገልግሎት የብሬል መጻሕፍትን በፖስታ ያውሳል፤ መላኪያም መመለሻም አይከፈልበትም።

ሥልጠናና አብሮ የሚሄድ ሰው

መሣሪያው ብቻውን ሰውን ከቤት አያወጣም። በኒውዮርክ ስቴት ሳንድስ ፖይንት የሚገኘው የሄለን ኬለር ብሔራዊ ማዕከል በ1967 በኮንግረስ ፈቃድ የተቋቋመ ሲሆን፣ ማየትም መስማትም የተሳናቸው አዋቂዎች እዚያው እየኖሩ በነጭ በትር መንቀሳቀስን፣ ምግብ ማብሰልን፣ ብሬልን፣ ቴክኖሎጂንና የሥራ ዝግጅትን ይማሩበታል። ማዕከሉ በየክልሉ ተወካዮች ስላሉት፣ ኒውዮርክ ሳይሄዱ ተወካዩን አግኝተው በስቴትዎ ያለውን ሁሉ እንዲያሳይዎት መጠየቅ ይቻላል። ከብዙ ስልክ በኋላ የተማርኩት ነገር ቢኖር ከማንም በፊት ይህን ተወካይ መፈለግ እንደነበረብን ነው።

መሥራት ለሚፈልግ ሰው የሥልጠናውን ወጪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው የስቴቱ የሙያ ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤት ነው። ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ ሥራ ለማይፈልጉ ደግሞ በየስቴቱ ለአረጋውያን ዓይነ ስውራን የተመደበ ሌላ የፌዴራል ፕሮግራም አለ፤ ቀደም ብዬ ያነሣኋቸው ዓይነት እናቶች የሚገቡት በዚህኛው በኩል ነው።

እንደ እኔ ከሆነ ከሁሉም የሚበልጠው፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኤስ ኤስ ፒ፣ በአንዳንድ ስቴቶች ኮናቪጌተር የሚባለው አብሮ ሂያጅ ነው። ይህ ሰው ሞግዚት አይደለም፤ አያጥብም፣ አያበስልም፣ ስለ ሰውየውም አይወስንም። ክንዱን ሰጥቶ ወደ ሱቅ ይመራል፣ በመደርደሪያው ላይ ምን እንዳለና ዋጋው ስንት እንደሆነ በእጁ ላይ ይነግራል፤ የሚመርጠው ባለቤቱ ነው። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአብሮ ሂያጅ ጋር ገበያ ወጥቶ ሲመለስ እኛ ገዝተንለት የማናውቀውን የሻይ ዓይነት ይዞ መጣ፤ ለካ ዐሥር ዓመት ሙሉ የእኛን ሻይ እየጠላ ነው የጠጣው። አገልግሎቱ በሁሉም ስቴት እኩል አይገኝም። በሲያትል ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ ከተማዋ ማየትም መስማትም የተሳናቸው ሰዎች ብዛት ያለው ማኅበረሰብ፣ የራሳቸው የአገልግሎት ማዕከልና የሚቀጥራቸው ላይትሀውስ የሚባል ድርጅት አላት። በንክኪ ላይ የተመሠረተው ፕሮታክታይል የተባለው የመግባቢያ ዘዴም በ2007 አካባቢ እዚያው የተጀመረው ራሳቸው የጉዳቱ ባለቤቶች በሆኑት በኤጄ ግራንዳና በጄሊካ ኑቾ ነው።

ልጅ ከሆነ

ከልደት እስከ 21 ዓመት ላሉ ልጆች በየስቴቱ የተቋቋመ፣ ቤተሰብንና መምህራንን ያለ ክፍያ የሚያማክር ፕሮጀክት አለ፤ አድራሻውን ለእነዚህ ልጆች ከሚሠራው ሌላ ብሔራዊ ማዕከል (National Center on Deaf-Blindness) ማግኘት ይቻላል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ለቅድመ እርዳታ ፕሮግራም ከተላከበት ቀን አንሥቶ በ45 ቀን ውስጥ ተመርምሮ የቤተሰቡ ዕቅድ ስብሰባ ሊደረግለት ይገባል። በትምህርት ቤት ማየትና መስማት መሳን በአንድነት ራሱን የቻለ የጉዳት ዓይነት ሆኖ ስለተቀመጠ፣ በልጅዎ የትምህርት ዕቅድ ላይ በዚሁ ስም እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ኢንተርቪነር የሚባለውን ለዚህ የሠለጠነ የቅርብ ረዳትም አብረው ያንሡ። በስብሰባው ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለዎት። የኢሚግሬሽን ወረቀት አለመያዝ ልጅን ከሕዝብ ትምህርት ቤት እንደማያስቀር የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወስኗል።

አስተርጓሚው እርስዎ መሆን የለብዎትም

በአንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ወንድሜ የዓይኑ ብርሃን እንደማይመለስ የተነገረው በእኔ እጅ ነው። አስተርጓሚ እንዲቀርብ ጠይቀን «አንቺ አለሽ አይደል?» ተባልን፤ እኔም በዳሰሳ ምልክት የማላውቃቸውን የሕክምና ቃላት እየዘለልኩ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነገርኩት። ስንት ነገር እንደተዛባ ዛሬም አላውቅም።

በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሆስፒታሉ ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ፣ ወጪውንም ራሱ እንዲችል ያስገድደዋል፤ ታካሚው የራሱን አስተርጓሚ ይዞ እንዲመጣ መጠየቅ አይፈቀድም። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ «የዳሰሳ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በአካል ይቅረብ» ብለው ይጠይቁና በሕክምና መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ። እንዲህ ዓይነት አስተርጓሚዎች ጥቂት ስለሆኑ ጥያቄው ሳምንታት ቀድሞ ቢቀርብ ይመረጣል፤ ቀጠሮው ረጅም ከሆነም እየተቀያየሩ የሚሠሩ ሁለት ያስፈልጋሉ። እንግሊዝኛ የማይናገሩ ወላጅ ከሆኑ ደግሞ ለእርስዎ የአማርኛ አስተርጓሚ ለብቻው ይጠየቃል።

ለዜግነት ፈተናም እንዲሁ ነው። ቃለ መጠይቁ በዳሰሳ አስተርጓሚ እንዲካሄድ ማመልከት ይቻላል። ጉዳቱ ጨርሶ እንግሊዝኛና የታሪክ ትምህርቱን እንዳይማር ለሚከለክለው ሰው ደግሞ ሐኪም ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የሚሞላው ኤን 648 የተባለ ቅጽ አለ።

በቤትና በማኅበረሰቡ ውስጥ

ከቢሮዎቹ ሁሉ በላይ ጊዜ የሚያልፈው ከእኛው ጋር ነው። ሲቀርቡ ትከሻውን ወይም ክንዱን በቀስታ ነክተው እጅዎን ጥቂት ያቆዩ፤ ነክቶ መሸሽ ያስደነግጣል። ማን እንደሆኑ በሚለይበት ነገር ያሳውቁት፤ አክስቴ አምባሯን ታስነካዋለች። ዕቃ ሲያሳዩት እጁን ይዘው አይጎትቱ፤ እጅዎን ከእጁ ሥር አድርገው ይምሩት፤ መከተልም መተውም እንዲችል። ሲሄዱ መሄድዎን ሳይነግሩት አይሂዱ፣ ባዶ ወንበር ሲያነጋግር መኖር እጅግ ያሳዝናል። ምልክት የማያውቅ ሰው በመዳፉ ላይ በአመልካች ጣት ትልልቅ የላቲን ፊደላትን አንድ በአንድ ሊጽፍለት ይችላል፤ የእኛ ፊደላት ብዙ ስለሆኑና በትንሽ ጭረት ስለሚለያዩ በመዳፍ ላይ ያሳስታሉ። ለአደጋ ጊዜ በጀርባው ላይ በእጅ ትልቅ ኤክስ መሥራት «አሁኑኑ ተከተለኝ» ማለት እንደሆነ እርሱም መላው ቤተሰብም አስቀድመው ይስማሙበት።

የዕድር ስብሰባ፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲሆን፣ ከጎኑ ተቀምጦ የሚሆነውን በእጁ ላይ የሚነግረው ሰው በተራ ይመደብለት። ቡና ሲፈላ የሚጨሰውን ምጣድ አዙረው ያሽትቱት፤ ሲኒውን ሲሰጡት የእጁን ጀርባ በሲኒው ሥር ነካ አድርገው ይጠብቁ፣ ራሱ ይቀበላል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ከሆነ ከበሮው አጠገብ ያቁሙት። በእኛ ደብር ከበሮ የሚመታው ዲያቆን ወንድሜ መዳፉን በከበሮው ጎን ላይ እንዲያሳርፍ ጥቂት ጠጋ ይልለታል፤ ወንድሜም ወረቡ ሲፈጥን ከሁሉ እኩል ያሸበሽባል።