የድሮ ቮልስ አካልን በግቢ ውስጥ ማሻሻል፦ ከፓራፋንጎ መጀመር

የአሮጌ መኪናን አካል በገዛ እጁ ቆርጦ፣ በይዶና ቀጥቅጦ መልኩን መለወጥ የሚፈልግ ሰው ከየትኛው መኪና ልጀምር ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሴ ቮልስ ነው። ምክንያቱ የአሠራሩ ቅንነት ነው። የዛሬ መኪኖች አካልና ወለል አንድ ላይ የተበየደ ሳጥን ሲሆኑ፣ ቮልስ ግን ወለሉና መሀል ለመሀል የሚሄደው ቱቦ ለብቻቸው ተሠርተው አካሉ በላያቸው በብሎን ታስሯል። አራቱ ፓራፋንጎዎች (የጎማዎቹ መሸፈኛ ላሜራዎች)፣ የጎን መረገጫዎቹ፣ ፓራውልቶቹ (ከፊትና ከኋላ ያሉት የግጭት መከላከያዎች)፣ በሮቹና ሁለቱ ክዳኖች ሁሉ በቁልፍ የሚፈቱ ናቸው። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑኤብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተ መለዋወጫው ዛሬም አልጠፋም። በአዲስ አበባም ቢሆን ሶማሌ ተራን በትዕግሥት ለሚዞር ሰው ያገለገለ ፓራፋንጎ ማግኘት የማይቻል ነገር አይደለም።

ከዚህ አሠራር አንድ የሥራ ደንብ ይወጣል፦ ጀማሪ በብሎን የታሰረውን ይቁረጥ፣ የተበየደውን ግን አይንካ። ከዚህም በላይ የሚቆረጠው መኪናው ላይ ያለው ሳይሆን ተጨማሪ የተገዛ አሮጌ ፓራፋንጎ ሊሆን ይገባል። የመጀመሪያው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ፣ ሥራው ቢበላሽ ወይም መኪናው ወደ ፊት ቢሸጥ የቀድሞ መልኩን መመለስ የአንድ ቀን ጉዳይ ይሆናል። ጣሪያ ዝቅ ማድረግና በር ማስረዘም በፎቶግራፍ ሲታዩ ቢያምሩም ለመጀመሪያ ሥራ የሚመረጡ አይደሉም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በአንድ ሥራ ላይ ያተኩራል፤ እርሱም ሰፋ ያለ ጎማ እንዲገባ የኋላ ፓራፋንጎዎችን በ3 ሴንቲሜትር ማስፋት ነው።

ፓራፋንጎ ሲገዛ የመኪናውን የምርት ዘመን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። የፊት መብራቱ እ.ኤ.አ. እስከ 1967 አጋማሽ ድረስ ወደ ኋላ የተጋደመ ሲሆን ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የፓራውልቱ መያዣና የኋላ መብራቱ መጠንም እንዲሁ ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። በዓይን ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ፓራፋንጎዎች መኪናው ላይ ሲቀርቡ ላይገጥሙ ይችላሉ።

የወረቀቱን ጉዳይም አስቀድሞ መጨረስ ይበጃል። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር ከኋላ መቀመጫው ሥር በመሀለኛው ቱቦ ላይ የተቀረጸ ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ መፋቅም ሆነ መበየድ ፈጽሞ አይገባም፤ ከሊብሬው ጋር ለማመሳከር የማይነበብ ቁጥር የሚያመጣው ጣጣ ከማንኛውም የላሜራ ሥራ ይከፋል። ቀለም ለመቀየር የታሰበ እንደሆነም በሊብሬው ላይ ያለው መረጃ አብሮ እንዲስተካከል ያሻል። ጎማው ከፓራፋንጎው ወጥቶ የሚታይ ወይም መብራቱ ከቦታው የተዛወረ መኪና በዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ጥያቄ ሊያስነሣ ስለሚችል፣ መቁረጫ ከመነሣቱ በፊት የመርማሪዎቹን አስተያየት መጠየቅ አይጎዳም።

ቀጥሎ መኪናው ይመርመር። የቮልስ ዝገት የሚደበቅባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ከኋላ መቀመጫው ሥር በስተቀኝ ያለው የባትሪ ቦታ ሲሆን፣ የፈሰሰ አሲድ ወለሉን በልቶ ብዙ ጊዜ ከላይ ምንጣፍ ብቻ ያስቀራል። ሁለተኛው በበሮቹ ሥር ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቀት ወደ ፊት የሚያስተላልፉት የጎን ቱቦዎች ናቸው፤ እነዚህ አየር ማስተላለፊያ ብቻ ሳይሆኑ የአካሉ አጥንትም ስለሆኑ ከበሰበሱ በሮቹ መውረድ ይጀምራሉ። ሦስተኛው ከፊት ያለው የትርፍ ጎማ ጉድጓድ ነው። ካቻቢቴ ይዞ በእጀታው መታ መታ ማድረግ፣ ድምፁ የደፈነ ሲመስልም በጫፉ ጫን ብሎ መፈተሽ በቂ ምርመራ ነው። የጎን ቱቦው ተበልቶ የተገኘ እንደሆነ ጌጡ ይቆይና እርሱ በሙያተኛ ይሠራ፤ አጥንቱ በላላ መኪና ላይ የተዋበ ፓራፋንጎ ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው።

የእሳት ጉዳይ ሊዘለል አይችልም። የቮልስ ነዳጅ ታንክ ያለው ከፊት ክዳኑ ሥር ነው፤ ባዶ ታንክ ደግሞ በውስጡ በቀረው ተን ምክንያት ከሙሉ ታንክ ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ብየዳ ከመኪናው ርቆ፣ ፓራፋንጎው ተፈትቶ መሬት ላይ ወይም ሞርሳ (ብረት አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ) ላይ ቢሠራ ይመረጣል። መኪናው ላይ መበየድ ግድ ሲሆን ባትሪው ይፈታል፣ ታንኩ ወጥቶ ይርቃል፣ የእሳት ማጥፊያም በእጅ በሚደረስበት ይቀመጣል። ላሜራውን በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ጠርጎ ወዲያው መበየድ የተለመደ ስንፍና ነው፤ ክሎሪን ያለባቸው ማጽጃዎች በብየዳ ሙቀት ፎስጂን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያመነጫሉ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችልም አቧራው ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ እንዲበተን መተው አይገባም፤ እያረጠቡ መፋቅና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ያስፈልጋል።

ፓራፋንጎውን መፍታት ቀላል ይመስላል። ብሎኖቹ በ13 ቁልፍ ይፈታሉ፤ ችግሩ ግን ዳዶዎቹ በአካሉ ውስጥ የተበየዱ በመሆናቸው በኃይል የታገለ ሰው ብሎኑን ይሰብራል፣ ወይም ዳዶውን ከነቦታው ይነቅላል። ከአንድ ቀን በፊት ዝገት የሚያላላ ዘይት መርጨት፣ ሲፈቱም ጥቂት ወደ ግራ ጥቂት ወደ ቀኝ እያመላለሱ ማላላት የተሻለ ነው። በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል ያለው የጎማ ማሸጊያ ውኃ ስለሚከለክል ሲገጠም በአዲስ ይተካ።

አሁን ወደ ብየዳው እንምጣ፤ አብዛኛው ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነውና። የመኪና ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ለበርና ለመስኮት ፍርግርግ የምናየው የኤሌክትሮድ ብየዳ ይህን ላሜራ ሳይበሳ ማለፍ ለጀማሪ እጅግ ያስቸግረዋል። የሚመረጠው በጥቅል ሽቦ የሚሠራው የሚግ ብየዳ ማሽን ሲሆን፣ 0.6 ሚሊሜትር ሽቦና የአርጎንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ ጋዝ ይጠቀማል። የቀድሞዎቹ ባትላሜራዎች (የመኪና አካል ቀጥቃጮች) በኦክስጅንና በአሴቲሊን እሳት ይሠሩ ነበር፤ ያ ዘዴ ሙቀቱን ሰፊ ቦታ ላይ ቢያሰራጭም፣ የሚተወው መስመር ለስላሳና በመዶሻ የሚታዘዝ ስለሆነ ለሠለጠነ እጅ ዛሬም ተመራጭ ነው። የሚግ መስመር ጠንካራ ነው፤ በኋላ ሲቀጠቀጥ ይለግማል። ያም ሆኖ በቤት ለሚማር ሰው ሚግ ይሻላል እላለሁ፤ ስህተቱ ትንሽ ቦታ ላይ ስለሚቀር።

ላሜራ ለምን እንደሚጣመም የተረዳ ሰው ግማሹን ሙያ ይዟል። ብረት ሲሞቅ ሊሰፋ ይፈልጋል፤ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ግን አያላውሰውም፤ ስለዚህ የጋለውና የለሰለሰው ክፍል በራሱ ላይ ተጨፍልቆ ይወፍራል። ሲቀዘቅዝ ከመጀመሪያው መጠኑ ያነሰ ሆኖ ይቀርና ዙሪያውን ወደ ራሱ ይጎትታል። ያ ጉተታ ነው ሜዳ የነበረውን ላሜራ የሚያረግበውና የሚያወዛውዘው። መፍትሔውም ከዚሁ ይወጣል፦ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሙቀት አለማጠራቀም፣ ያጠረውን ደግሞ በመዶሻ መልሶ ማስረዘም።

ስለዚህ ፓራፋንጎውን ከመንካት በፊት ከተጣለ ላሜራ ሁለት ቁራጮች ወስዶ ጫፍ ለጫፍ መግጠም መለማመድ ያስፈልጋል። በመካከላቸው የላሜራውን ውፍረት የሚያህል ክፍተት ይተዋል። በየ4 ሴንቲሜትሩ አንዳንድ ነጥብ ይበየዳል፤ ከዚያ አንዱን ከግራ ጫፍ፣ ቀጣዩን ከቀኝ፣ ሌላውን ከመሀል እያሉ ክፍተቱን በነጥብ በነጥብ መሙላት ነው። ላሜራው በእጅ እስኪነካ ድረስ ሳይቀዘቅዝ ቀጣዩን ነጥብ መጨመር አይገባም። ውኃ ደፍቶ ማቀዝቀዝ ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም ለጀማሪ አይመከርም። ትዕግሥት የሌለው ሰው ቀጥ ያለ ረጅም መስመር በይዶ ውጤቱን ቢያይ ጥሩ ትምህርት ያገኛል፤ በተጣለ ላሜራ ላይ እስከሆነ ድረስ።

ልምምዱ ሲሠምር ቆረጣው ይጀመራል። ፓራፋንጎው ቀለሙ እስከ ባዶ ብረት ይፋቃል፤ ከብሎን ቀዳዳዎቹ ጠርዝ 6 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ፣ የአካሉን መስመር ተከትሎ የሚሄድ መስመር በፕላስተር ይሰመራል። መስመሩ ከኋላ መብራቱ መቀመጫ ወደ አካሉ በኩል ማለፍ አለበት፤ አለበለዚያ መብራቱ ይጣመማል። ቆረጣው ከሁለቱም ጫፎች ጥቂት ሴንቲሜትር ሲቀረው ይቆማል፤ ምክንያቱም የሚጨመረው ቁራጭ ከጎማው በላይ 3 ሴንቲሜትር ሰፍቶ ወደ ሁለቱ ጫፎች እየጠበበ የሚያልቅ፣ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ነው። በዚህ ዘዴ ከፊት መረገጫው የሚታሰርበት፣ ከኋላም የፓራውልቱ ቦታ ሳይነካ ይቀራል። ጠቅላላውን እኩል ያሰፉ ሰዎች መረገጫው አጥሮባቸው ሌላ ሥራ ሲፈጥሩ ማየት የተለመደ ነው።

የተቆረጠው ሲከፈት የጎማው ዙሪያ ጠርዝ የተጠቀለለ በመሆኑ እምቢ ይላል። በግድ ከመጎተት ይልቅ ጠርዙን በሁለት ቦታ በሲጌቶ (በብረት መጋዝ) ሰንጥቆ፣ የተፈለገው ቅርጽ ከተያዘ በኋላ መልሶ መበየድ ይሻላል። ክፍተቱ በትንንሽ የላሜራ ድልድዮች ከተያዘ በኋላ ካርቶን ከሥር ተደግፎ በእርሳስ ቅርጹ ይነሣል። ያንኑ ካርቶን ገልብጦ ለሌላው ወገን መጠቀም ሁለቱን ጎኖች እኩል ያደርጋል። ቁራጩ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ ተቆርጦ፣ በወፍራም ቱቦ ላይ በእጅ እየተጫነ ኩርባውን እንዲይዝ ይደረጋል። ከመበየዱ በፊት ፓራፋንጎው በጥቂት ነጥቦች ብቻ ተይዞ መኪናው ላይ ይሞከር፤ ሰዎችን ከኋላ አስቀምጦ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ መንካት አለመንካቱን ማየትም የዚህ ጊዜ ሥራ ነው፤ የቮልስ የኋላ ጎማ እንደ ጭነቱ ጋደል ስለሚል ቆሞ የታየ ክፍተት አያስተማምንም።

ከብየዳ በኋላ ትርፉ በግራይንደር ይነሣል፤ ዙሪያውን ያለውን ላሜራ ግን እንዳያሳሳው መጠንቀቅ ይገባል። ከዚያ መደገፊያ ብረት ከሥር ተይዞ ልሙጥ ፊት ባለው መዶሻ መስመሩ ላይ ይቀጠቀጣል። መዶሻው ልክ ከመደገፊያው በላይ ሲያርፍ ብረቱን ያሳሳውና ያስረዝመዋል፤ ብየዳው ያሳጠረውን የሚመልሰው ይህ ምት ነው። መደገፊያው ከሥር ጉድጓዱን ደግፎ መዶሻው አጠገቡ ያለውን ጉብታ ሲመታ ግን ሳያስረዝም ያስተካክላል። ምቱ ቀላልና ብዙ ይሁን። ዓይን ስለሚታለል በጨርቅ ላይ መዳፍን ዘርግቶ መዳሰስ ይመረጣል።

ስቱኮ፣ ማለትም የቀሩትን ጉድጓዶች የሚሞላው ልስን፣ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ውፍረቱም ከ2 ወይም 3 ሚሊሜትር ባይበልጥ መልካም ነው። በወፍራም ስቱኮ የተሸፈነ ጉድጓድ በኮረኮንች መንገድ ንዝረት ይሰነጠቃል። ማጠንከሪያው ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ይጨመራል፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማብዛት በኋላ በቀለሙ ላይ እድፍ ያወጣል። ስቱኮ ውኃ ስለሚመጥ በደረቁ ይፋቃል፤ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ180 እና በ320 ይጨረሳል፤ ወረቀቱም በጣት ሳይሆን በጣውላ ቁራጭ ላይ ተጠቅልሎ ይያዛል። በመቀጠል የዝገት መከላከያ ቀለም ከውጭም ከውስጥም ይቀባል፤ የውስጡ በተለይ ጎማው ጭቃ የሚረጭበት ስለሆነ ወፍራም የሥር ቅባት ይጨመርበታል።

የመጨረሻውን ቀለም ግን በግቢ ውስጥ ባይረጩ እመክራለሁ። ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቁት የመኪና ቀለሞች አይሶሳያኔት የተባለ ለሳንባ አደገኛ ንጥረ ነገር ስላለባቸው፣ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ መሸፈኛ ያስፈልጋቸዋል። ፓራፋንጎዎቹን ተሸክሞ ቀለም ቤት መውሰድ መኪናውን ከማቆም ይረክሳል፤ ከአሮጌው ቀለም ጋር እንዲመሳሰል የመኪናውን የፊት ክዳን አብሮ መውሰድም ይረዳል።

ሲገጠም ብሎኖቹ ሁሉ በጣት ገብተው የጎማ ማሸጊያው በመስመሩ ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ከመሀል ወደ ጫፍ ይጠብቃሉ። ሙሉ ጭነት ይዞ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ የፓራፋንጎው ውስጥ በባትሪ መብራት ይታይ፤ ጎማ የላሰው የሚያብረቀርቅ መስመር ከተገኘ ጠርዙ እዚያ ቦታ ላይ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ የተላጨውም በመከላከያ ቀለም ይሸፈናል፤ ብሎኖቹም እንደገና ይጠብቃሉ።