ስልኩ «ጠፍቷል» ሲል፣ ፓምፑ ግን ሲጮኽ፦ በስልክ በሚታዘዙ የቤት ዕቃዎች ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዳር ለሚኖር ሰው በስልክ የሚታዘዝ ዕቃ ቅንጦት አይደለም። ለገጣፎ፣ ገላን ወይም ቱሉ ዲምቱ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው ሥራው መሀል ከተማ ነው። ውሃው በፈረቃ ይመጣል፣ ያውም ሌሊት። መብራቱ መቼ እንደሚሄድ አይናገርም። ቢሮ ተቀምጦ ፓምፕ ማስነሳት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ በር ላይ ለደረሰ ዘመድ መክፈት እውነተኛ እፎይታ ነው። ችግሩ፣ ዕቃዎቹን የሠሯቸው ሰዎች መብራት የማይጠፋበትንና ውሃ የማይቋረጥበትን ቤት በልባቸው ይዘው ነው የሠሯቸው። ማንዋሉም የሚያወራው ስለዚያ ቤት ነው።

ፓምፑን በቀጥታ ከዋይፋይ ማብሪያው ጋር ማሰር

ይህን ስህተት ደጋግሞ ያየ ባለሙያ ትዕግሥቱ ቢያልቅ አይፈረድበትም። ሂሳቡ እንዲህ ይጀምራል፦ ማብሪያው ላይ 10 አምፔር ተጽፏል፤ ባለ 1 የፈረስ ጉልበቱ ፓምፕ 5 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ አምስት ከአሥር ያንሳል፤ በቃ፣ ይታሰር። ታሰረ፣ ሠራ፣ ጎረቤት መጥቶ አየ፣ እሱም ገዛ። ጉዱ የሚታየው ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

ያ 10 አምፔር ለማሞቂያ ዓይነት ጭነት የተሰጠ ቁጥር ነው። ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይጎትታል፤ 5 አምፔር የተባለው ፓምፕ በሚነሳበት ቅጽበት ከ25 እስከ 35 አምፔር ይደርሳል ማለት ነው። ሲጠፋ ደግሞ ብልጭታ ይተፋል። በማብሪያው ሆድ ውስጥ ያለችውን ሪሌ፣ ማለትም መስመሩን የምታገናኘውንና የምታላቅቀውን ትንሽ ዕቃ ቢከፍቷት የምስር ፍሬ የሚያክሉ ሁለት የብረት ነጥቦች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያገኛሉ። ብዙ የሠራችው ላይ አንዱ ነጥብ ተቦርቡሮ፣ ሌላው ጉብ ብሎ፣ ዙሪያቸው ጥላሸት ለብሶ ይታያል። ጉብታው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ የተበየደ ቀን ነገሩ አበቃ።

ያን ቀን ስልክዎ ላይ ማጥፊያውን ይነካሉ። ስልኩ «ጠፍቷል» ይላል። ማብሪያው ላይ ያለችው ትንሽ መብራትም ትጠፋለች። ፓምፑ ግን ሥራውን ቀጥሏል። ስልኩ አልዋሸም፤ የሚያውቀው ትዕዛዙ መድረሱን ብቻ ነው፣ ነጥቦቹ መላቀቃቸውን ያየለት የለም። ሮቶው ሞልቶ በጣሪያው ላይ ይፈሳል፣ የምድር ታንከሩ ይነጥፋል፣ ከዚያ ፓምፑ በደረቁ ይዞራል። ዘንጉ ላይ ያለውን «ሜካኒካል ሲል» የሚባል የውሃ ማገጃ የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም ያው የሚገፋው ውሃ ስለሆነ፣ ውሃ የሌለው ፓምፕ ማገጃውን ያቃጥልና ማንጠባጠብ ይጀምራል። ሪሌዋን በካቻቢት እጀታ ኳ ኳ አድርጎ ማላቀቅ ጥገና አይደለም፤ የተቦረቦረ ነጥብ ከአዲሱ ፈጥኖ ይጣበቃል።

መድኃኒቱ ኮንታክተር ነው፤ በትንሽ ኃይል ታዝዞ የሞተርን ጭነት የሚሸከም ትልቅ ማብሪያ። የሞተር ጭነትን የሚያመለክተው «ኤሲ 3» በሚለው መስመር ላይ 9 ወይም 12 አምፔር የተጻፈበት፣ የሽቦ ጥቅሉ (ኮይሉ) ባለ 220 ቮልት የሆነ ይበቃል። ብሬከሩን ካወረዱና መስመሩ መሞቱን በቴስተር ካረጋገጡ በኋላ የፓምፑን ፌዝ ኮንታክተሩ ላይ 1 በተባለው ቀዳዳ አስገብቶ በ2 ማውጣት፣ ኒውትራሉን በ3 አስገብቶ በ4 ማውጣት። ከዋይፋይ ማብሪያው የሚወጣው ፌዝ ከጥቅሉ ሁለት ጫፎች ወደ አንዱ፣ ወደ ኤ1 ይሄዳል፣ በሌላው በኤ2 ላይ ኒውትራል ይታሰራል። አሁን ያቺ ምስር የምታክል ነጥብ የምትሸከመው የጥቅሉን ኃይል ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ከያዘ በኋላ ከ0.1 አምፔር በታች ነው። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ብሬከሩ ባለ 10 አምፔር «ሲ» ዓይነት ይሁን። ከኮንታክተሩ ሥር የሚገጠም ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲጎትት የሚያቋርጥ መከላከያ) ካለ ፓምፑ ላይ በተለጠፈው አምፔር ልክ ያስተካክሉት።

ፍሎት (ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ ማብሪያ) የሌለው ፓምፕ ደግሞ ስልክ ላይ ባይታሰር ይሻላል። አንድ ፍሎት ሮቶው ውስጥ፣ አንድ ፍሎት ምድር ታንከሩ ውስጥ፤ ሁለቱም ወደ ኤ1 በሚሄደው መስመር ላይ በተከታታይ ይግቡ። የሮቶው ፍሎት ሲንሳፈፍ መስመሩን የሚያቋርጥ፣ የምድሩ ሲንሳፈፍ መስመሩን የሚያገናኝ መሆን አለበት። ባለ ሦስት ሽቦ ፍሎት ለሁለቱም ይሆናል፤ የሽቦ ቀለም ግን አይመኑ፣ ፍሎቱን በእጅ እየገለበጡ በቴስተር ይለዩት። እንዲህ ሲታሰር ስልኩ ፈቃድ ይሰጣል እንጂ አያዝዝም፤ ታች ውሃ ከሌለ ቢሮ ሆነው መቶ ጊዜ ቢነኩት ፓምፑ አይነሳም።

ትንሽ ገንዘብ መጨመር የሚችል ሰው የፓምፑን ፌዝ አቅፎ የሚለካ፣ ቀለበት የሚመስል የኃይል መለኪያ ይጨምር። ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ውሃ ሲገፋ 1,000 ዋት ገደማ ያሳያል፤ ደረቁን ሲዞር ቁጥሩ በግልጽ ይወርዳል፤ «ጠፍቷል» ተብሎም ቁጥር እያሳየ ከሆነ ነጥቡ ተጣብቋል። ፓምፑ በትክክል በሚሠራበት ቀን ቁጥሩን ጽፈው ይያዙ፣ የሚያወዳድሩት ከዚያ ጋር ነው።

በነገራችን ላይ ፓምፑን ከመንገድ በሚመጣው ቧንቧ ላይ በቀጥታ የሚያስሩ አሉ። ያ የጎረቤትን ውሃ መንጠቅ ነው፤ በስልክ መሆኑ አያሰለጥነውም።

ምጣድን በስማርት ሶኬት

አይሞክሩት። ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ 3,500 ዋት በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው፣ ያውም እንጀራው እስኪያልቅ ሳያርፍ። 16 አምፔር የሚል ርካሽ ሶኬት በዚህ ዓይነት ሥራ መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ ስፒናው ላይ ይቀልጣል።

ዕቃውን ከስልክ ሆትስፖት ጋር ማጋባት

ቤት ውስጥ ራውተር ስለሌለ ሶኬቱን በስልክ ሆትስፖት ያስገባሉ፣ ይሠራል፣ ደስ ይላል። ጠዋት ስልኩን ኪስ ከተው ሲወጡ ኔትዎርኩም አብሮ ወጣ። ሶኬቱ ቤት፣ ኢንተርኔቱ ሜክሲኮ አደባባይ። ዕቃው ያለበት ቤት የራሱ መስመር ሊኖረው ግድ ነው፤ የቤት ኢንተርኔት ወይም ሲም የሚቀበል ራውተር። የሲሙ ጥቅል የሚያልቅበትን ቀን ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ያድርጉለት፤ ካለቀ ዕቃዎቹ «ከመስመር ውጭ» ይሆናሉ፣ ሰውም ተበላሹ ብሎ ይነቃቅላቸዋል።

አብዛኞቹ ርካሽ ዕቃዎች የሚሰሙት የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይን ብቻ ነው። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዙንም በአንድ ስም የሚያሰራጭ ከሆነ፣ ዕቃው አልገባም ሲል ለጊዜው 5ቱን ያጥፉ። ፓምፑ ጋ ያለውን ማብሪያ በብረት ሳጥን ውስጥ ከቆለፉበትም አይሰማም፤ ሳጥኑ የፕላስቲክ ይሁን።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላት

ይህ ባለሙያውንም ይጥላል። «ውሃ ሌሊት 8 ሰዓት ይመጣል» ተብሎ አፑ ላይ 8:00 ይሞላል። ፓምፑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ውሃው ከሄደ ቆይቷል። አፑ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ለቀን ሰዓት 6 ይደምሩ፤ ለማታና ለሌሊት 18 ይደምሩና 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ይቀንሱ። ሌሊት 8 ሲደመር 18፣ 26፤ 24 ሲቀነስ 02:00።

ከዚህ የባሰው ቀኑ ነው። ለእኛ ሌሊቱ የሰኞ ከሆነ እስኪነጋ ሰኞ ነው፤ ለአፑ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማክሰኞ ገብቷል። የሰፈሩ ፈረቃ «ሰኞ ሌሊት» ከተባለ፣ ምልክት የሚደረገው ማክሰኞ ላይ ነው። ለማክሰኞ አጥቢያ ብለው ቢያስቡት አይሳሳቱም።

ሁሉ ተስተካክሎ በ5 ሰዓት የሚዛነፍ ከሆነ ዕቃው በቻይና ሰዓት እየሄደ ነው። አፑ ውስጥ የቤቱ አድራሻ አዲስ አበባ፣ የሰዓት ክልሉ ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድመው መሆኑን ይዩ። ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚወስድ ዕቃ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ እስኪነሳ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም፤ ቀጠሮው በዚያ መሀል ከወደቀ ያልፈዋል። ባለ 12 ቮልት ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ራውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ይህን ጣጣ ይቀንሳል።

መብራት ሲመለስ የሚሆነውን አለመወሰን

አፑ ውስጥ «ፓወር ኦን» የሚል ቃል ያለበት ምርጫ አለ፤ መብራት ሲመለስ ይብራ፣ ይጥፋ ወይም በነበረበት ይቀጥል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ለፓምፕ፣ ለካውያና ለውሃ ማሞቂያ «ይጥፋ» ይሁን። ፍሪጅ ከሆነ መብራቱ እንደተመለሰ ሳይሆን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አርፎ ይነሳ፤ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይላላ መነሳት ሞተሩን ይጎዳዋል፣ የሚመለሰው መብራትም የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ከፍ ዝቅ ማለት ይወዳል። ለፍሪጅ ሁለቱንም የሚያደርገው ማዘግያ ያለው የቮልቴጅ መከላከያ ነው፤ ስማርት ሶኬት የእሱን ቦታ አይተካም።

ዕቃውን በገጣሚው ስልክ ማስመዝገብ

ገጣሚው ይመጣል፣ በራሱ ስልክ፣ በራሱ አካውንት ያስገባዋል፣ «አጋርቼዎታለሁ» ይላል፣ ሂሳቡን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ካሜራውም፣ በሩም፣ ፓምፑም የእሱ ናቸው፤ እርስዎ እንግዳ ነዎት። ክፋት ባይኖርበት እንኳ ስልኩ ሲጠፋበት ወይም አፑን ሲሰርዝ በርዎ አብሮ ይሰናከላል። የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት አካውንቱ በእርስዎ ኢሜይል መከፈቱን፣ ዕቃዎቹ ባለቤት ብለው የሚያሳዩት እርስዎን መሆኑን በዓይንዎ ይዩ። ለቤተሰብ የይለፍ ቃል አይስጡ፤ ከአፑ ላይ ያጋሩ፣ ሲያስፈልግ ይነሣል። ካሜራው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃል የዚያኑ ዕለት ይቀይሩ።

በሲም የሚሠራ የበር መክፈቻ

ዋይፋይ ለሌለው ግቢ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሚስድ ኮል ሲያደርጉለት ስልኩን ዘግቶ በሩን ይከፍታል፣ ሂሳብ አይቆርጥም። ግን፦ ሲሙን ከማስገባትዎ በፊት ስልክ ላይ ከተው የፒን መጠየቂያውን ያጥፉ፣ አለዚያ ኔትዎርክ አይዝም። ከፋብሪካ የሚመጣው የይለፍ ቃል ብዙ ጊዜ 1234 ነው፤ ይቀየር። «ማንም ይክፈት» በሚለው ሁኔታ ላይ ከተውት የተሳሳተ ቁጥር የደወለ ሰው ግቢዎን ይከፍታል፤ የተፈቀዱ ቁጥሮች ብቻ ወደሚለው ያዙሩት። ቁጥር ሲመዘግቡ በ09 አልሠራ ካለ በ251 ይሞክሩ። አንቴናው ከብረት ሳጥኑ ውጭ ይሁን። ደዋዩ ባይከፍልም ሲሙ ሂሳብ ሳይሞላበት ረጅም ጊዜ ከቆየ አገልግሎቱ ይቋረጣል፤ በየተወሰነ ጊዜ ትንሽ ካርድ ይሙሉለት።

የኤንኤፍሲ ተለጣፊ በላሜራ በር ላይ

ስልክ ሲያስጠጉት ትዕዛዝ የሚሰጠው ተለጣፊ ብረት ላይ ሲለጠፍ ይሞታል፤ የ13.56 ሜጋኸርዙን ሞገድ ብረቱ ይበላዋል። ለብረት ተብሎ የተሠራ፣ ከጀርባው ሞገዱን ከብረቱ የሚከልል ፌራይት የሚባል ንጣፍ ያለው ይግዙ፣ ወይም ከላሜራው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚያርቀው እንጨት ያድርጉ። ተለጣፊው ላይ ያለው ቁጥር ግን ይቀዳል፤ ለመብራት እንጂ ለበር ቁልፍነት አይሆንም።

ማግኔቱን ያለ ባትሪ

ማግኔት ቁልፍ በሩን ስቦ የሚይዘው ኃይል እስካለ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ በሩ ይለቃል፣ ሰፈሩ በጨለመበት ሰዓት። ግማሽ አምፔር የሚወስድ ማግኔት በ12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 14 ሰዓት ይይዛል፣ ባትሪው ሲያረጅ ከዚያ ያነሰ። መብራት ለሁለት ቀን የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ኃይል ሲያጣ ተቆልፎ የሚቀረውን ዓይነት ይምረጡ፤ ያኛው ደግሞ የብረት ቁልፍ ይፈልጋል። አንዱን ቁልፍ የሚያምኑት ጎረቤት ጋ ያስቀምጡ፤ ከበሩ ኋላ መሳቢያ ውስጥ ያለ ቁልፍ ውጭ ለቆመ ሰው እንደሌለ ነው።