ትልቅ ቁጥር ያለ ካልኩሌተር እንዴት ይፈታል?

የእህቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ነው የምትማረው፤ ስድስተኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን ልጠይቃቸው ስሄድ ደብተሯ ላይ 2,774,772 ጽፋ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ለስንት ለስንት ይካፈላል?» አለችኝ። ቁጥሩን የወደደችው ከግራም ከቀኝም ሲነበብ ያው ስለሆነ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ቁጭ አልን። እናንተም ያዙና ተከተሉኝ።

መጀመሪያ ጫፉን እዩ። በ2 ስለሚያልቅ ለ2 ይካፈላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 72 ናቸው። 72 ለ4 ስለሚካፈል ቁጥሩም ለ4 ይካፈላል። በ0 ወይም በ5 ስላላለቀ 5ን ተዉት።

ቀጥሎ አኃዞቹን ደምሩ፦ 2+7+7+4+7+7+2 = 36። 36 ለ9 ይካፈላል፤ ስለዚህ ቁጥሩም ለ9 ይካፈላል። 10፣ 100፣ 1,000 ሁሉም ለ9 ሲካፈሉ 1 ስለሚተርፋቸው ነው ይህ የሚሠራው።

አሁን 7 መጣ። ብዙ ሰው ግራ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ደረጃ ነው። መላው 1,001 ነው፤ ምክንያቱም 7×11×13 = 1,001። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ ሦስት ሦስት አኃዝ እያደረጋችሁ ክፈሉት፦ 772፣ 774፣ 2። የመጀመሪያውን ያዙ፣ ሁለተኛውን ቀንሱ፣ ሦስተኛውን ደምሩ። 772 − 774 + 2 = 0። ዜሮ ከመጣ ቁጥሩ ለ7ም፣ ለ11ም፣ ለ13ም ይካፈላል ማለት ነው። ዜሮ ባይመጣስ? የመጣውን ትንሽ ቁጥር ለሦስቱ መሞከር ብቻ ነው። እሱ ከተካፈለ ትልቁም ይካፈላል። ልጅቷ ይህን ስታይ ፊቷ በራ፤ ወዲያው ሌላ ቁጥር ጽፋ መሞከር ጀመረች።

ከዚያ አካፍሉ። 2,774,772 ለ1,001 ሲካፈል 2,772 ይሆናል። 2,772 ለ4 ሲካፈል 693፣ 693 ለ9 ሲካፈል 77፤ 77 ደግሞ 7×11 ነው። ሁሉም ሲሰበሰብ፦

2² × 3² × 7² × 11² × 13

ከ13 በቀር ብቸኛ ቁጥሮቹ (ለ1ና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉት) ሁሉ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ 462 × 462 × 13 ነው ማለት ይቻላል። አካፋዮቹ ስንት እንደሆኑ ለማወቅ መዘርዘር አያስፈልግም። በየአርቢው ላይ (ከቁጥሩ ራስ በተጻፈችው ትንሽ ቁጥር ላይ፤ ያልተጻፈበት 13 አርቢው 1 ነው) 1 ጨምራችሁ አባዙ፦ 3×3×3×3×2 = 162። 2,774,772 የጤፍ ፍሬ ቢኖረን አንድ ፍሬ ሳይተርፍ የምናካፍልባቸው 162 የሰው ብዛቶች አሉ።

እኩል በማይካፈልበት ጊዜም ቀሪውን አትጣሉት። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫ ስሌት፣ የተማረ ሰው ይህን ያውቃል። ለምሳሌ 2017 ዓ.ም.ን ውሰዱ። 5,500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7,517 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 11 ይቀራል፤ የዓመቱ ወንበር የሚባለው እሱ ነው። የበዓላቱ ስሌት የሚነሣው ከዚህ ቀሪ እንጂ ከድርሻው አይደለም።

ልጅቷ የራሷንም ቁጥር ለ19 አካፈለችው። 146,040 ደርሶ 12 ተረፈ።