የፎቶ ቅጂዎች ሳይበላሹ መቀመጣቸውን ስለማረጋገጥ
የቤተሰብ ፎቶዎችን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጠን ስናበቃ ብዙዎቻችን የፋይሎቹን ብዛትና መጠን አይተን እናልፋለን፤ ይሁን እንጂ ሲገለበጥ ጥቂት ቢቶች (ፋይሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን የመረጃ አሃዶች) የተበላሹበት ፋይል መጠኑ ከዋናው ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። በፎልደሩ ውስጥ የምትታየው ትንሿ ምስልም ታታልላለች፤ አብዛኞቹ ካሜራዎች በጄፔግ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ አነስተኛ ቅጂ ለብቻዋ ስለሚያኖሩ፣ እርሷ ደህና ሆና ሳለ ፎቶው ሲከፈት ሙሽራዋ እስከ አገጯ ብቻ ታይታ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ግራጫ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አስተማማኙ መንገድ ቼክሰም፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ መለያ፣ ማነጻጸር ነው። ኤስኤችኤ-256 የተባለው ስልት ለእያንዳንዱ ፋይል በ64 ፊደላትና አኃዞች የሚጻፍ መለያ ያወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትለወጥ መለያው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት የዊንዶውስ ፕሮግራም በፓወርሼል ውስጥ «ጌት-ፋይልሃሽ» (Get-FileHash) የሚባለው ትእዛዝ ይህን ይሠራል፤ ማክና ሊኑክስም የራሳቸው አላቸው። መለያዎቹን ፎቶዎቹ ከካሜራው ካርድ ላይ ሳይሰረዙ አውጥቶ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ማስቀመጥ፣ ከዚያም ዲስኩን በሥርዓት ነቅሎና መልሶ ሰክቶ ከቅጂው ከሚወጣው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ሳይነቀል ቢመረመር ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ሳይሆን በሜሞሪው ከያዘው ሊያነብ ይችላልና።

ፎቶውን በኋላ አዙሮ ማስቀመጥ ወይም የተነሣበትን ቀን ማስተካከልም መለያውን ስለሚቀይር፣ ልዩነት ሁሉ ብልሽት አይደለም። እኔ ፍተሻውን በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ እደግመዋለሁ፤ ያልተስማማ ፋይል ሲገኝም ወዲያው በሁለተኛው ዲስክ ላይ ባለው ደህና ቅጂ እተካዋለሁ።