ልጅን የካርናቲክ ዜማ ማስጀመር፦ ከ«ሳ» እስከ መጀመሪያው መዝሙር

ለባለቤቴ ትምህርት ብለን ቼናይ በኖርንበት ጊዜ ልጃችን አምስት ዓመቷ ነበር። ከታችኛው ፎቅ በየማለዳው የሚሰማው የልጆች ዜማ ሳባትና መምህርቷ ተቀበሏት። እሳቸው በሳምንት ሁለት ቀን ያስተምሯታል፤ በቀሩት ቀናት የማስጠናት እኔ ነበርኩ። ክራር ከመነካካት ያለፈ ሙዚቃ ሳላውቅ ነው የጀመርኩት።

መነሻውን ድምፅ መፈለግ

በደቡብ ህንዱ የካርናቲክ ሙዚቃ የመነሻው ድምፅ «ሳ» ቋሚ ከፍታ የለውም፤ እያንዳንዱ ሰው ለጉሮሮው የሚስማማውን ይመርጣል። ያ ድምፅ ታምቡራ በሚባለው ባለ ክር መሣሪያ ሳይቋረጥ ከኋላ ይሰማል። ለቤት ጥናት የስልክ አፕ ይበቃል፣ ታምቡራ አትግዙ። ከፍታው የሚቆጠረው በ«ካታይ» ነው፦ 1 ካታይ የኪቦርዱ «ዶ»፣ 2 «ሬ»፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ወንዶች ብዙውን ጊዜ 1 ወይም 2 አካባቢ፣ ሴቶችና ልጆች 5 እና 6 አካባቢ ያዜማሉ።

እኔ ይህን ሳላውቅ አፑን ለራሴ ድምፅ በሚመቸኝ በ2 ካታይ ከፈትኩት። ልጄ ላይኛው «ሳ» ላይ ለመድረስ አገጯን ቀና አድርጋ፣ የአንገቷ ሥር ተገትሮ ትጮሃለች፤ እኔ ደግሞ «በርቺ!» እላታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ድምፅዋ ሻከረ። ታምቡራው ሲከፈት ክፍሏ ገብታ በሩን መዝጋት ጀመረች። መምህርቷ ሲሰሙ ለአሥር ቀን አሳረፏት፣ ከዚያም እሷ ትይዘው ከነበረው «ሳ» በታች ወዳለው 5 ተኩል አወረዱት፤ ቁጥሩ ቢበልጥም የእኔን 2 እሷ የምታዜመው አንድ ስምንዮሽ (ኦክታቭ) ከፍ አድርጋ ነበርና። ያን በር ሳስታውስ ዛሬም ያመኛል፤ እናንተ ከመጀመሪያው ፈትኑ። ልጁ ታችኛውን «ሳ» ሲይዝ ድምፁ ወደ ትንፋሽ ብቻ ከተለወጠ ከፍ አድርጉለት፤ ላይኛውን ሲይዝ አገጩ ከተነሣ ዝቅ አድርጉለት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አትቀያይሩት።

እጅ ከድምፅ ይቀድማል

ምቱን ከዜማው በፊት አስጨብጡት። አዲ ታላ የሚባለው የምት ዑደት ስምንት ምት አለው፦ ጭንን በመዳፍ መምታት፣ ትንሿን ጣት፣ የቀለበት ጣትን፣ የመሃል ጣትን በየተራ መቁጠር፤ ከዚያ መዳፍ፣ ግልብጥ፣ መዳፍ፣ ግልብጥ። ልጄ ምሳ እየበላችም ታደርገው ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚወስደው «ሪ»

ይህን የጀማሪ ትምህርት ቅደም ተከተል እንዳበጀ የሚነገርለት ፑራንዳራ ዳሳ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ የዜማ ሰው ነው። ጀማሪዎች ማያማላቫጎውላ ከሚባለው ራጋ (እንደኛ ቅኝት ያለ የዜማ መሠረት) ይነሣሉ፦ ሳ ሪ ጋ ማ ፓ ዳ ኒ ሳ፤ ከዚያ ወደ ታች መመለስ። ራጋው ለልጅ የሚመቸው ሁለት እኩል ግማሽ ስላለው ነው። በ«ሳ ሪ ጋ ማ» መካከል ያሉት ርቀቶች በ«ፓ ዳ ኒ ሳ» ሳይለወጡ ይደገማሉ። ስለዚህ አራቱን የታች ድምፆች ብቻ ለሳምንታት አስጠኑ፤ ላይኞቹ ያን ጊዜ ብዙ አያስቸግሩም።

ልጄ ግን «ሪ» ላይ ቆመች። በዚህ ራጋ «ሪ» ከ«ሳ» በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ ተጠግቶ። እሷ አንድ ሙሉ ድምፅ ትዘላለች። ሃያ ጊዜ ባርማትም ያው ነው። ነገሩ የገባኝ አንድ ማታ ክራሬን ስቃኝ ነው። ቤታችን ውስጥ የምትሰማው ትዝታ ነው፤ በሙሉው ትዝታ ደግሞ ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው አንድ ሙሉ ድምፅ ይርቃል። ጆሮዋ የለመደውን ነበር የምታዜመው። አምባሰልን ቃኘሁላት፤ በአምባሰል ሁለተኛው ድምፅ መነሻው ላይ ተጠግቶ ይቀመጣል። ሁለቱን ክሮች ብቻ እየመታሁ «ሳ… ሪ… ሳ…» አልኩ፣ ተቀበለችኝ። የኛ የዜማ ቤት ተማሪ ከመሪጌታው አፍ እንደሚቀበለው፣ እኔ አንዴ፣ እሷ አንዴ። በአራተኛው ቀን ያለ ክራር ያዘችው።

ክራር የሌለው ሰው ከ«ሳ» ሳይለቅ ቀስ ብሎ ወደ «ሪ» እየተንሸራተተ ያሰማ። ኪቦርድ ግን ከልጁ ጋር አብሮ አይመታ፤ ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ልጁ ከኪቦርዱ ድምፅ ጀርባ ይደበቅና እናንተም እሱም ስህተቱን አትሰሙትም። ታምቡራ የሚሰጠው መነሻውን እንጂ መልሱን አይደለም፤ ጆሮ የሚሠራው ያን ጊዜ ነው።

የቀረው

ጥናቱ ማለዳ አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ ይሁን። ሳራሊ ቫሪሳይ የሚባሉትን መልመጃዎች በሦስት ፍጥነት ያዜማሉ፦ በአንድ ምት አንድ ድምፅ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት። የእጁ ምት ፍጥነት አይለወጥም። ልጄ ሦስተኛው ላይ እጇን ማፍጠን ስትጀምር ወደ ሁለተኛው እመልሳታለሁ። የድምፆቹን ስም ትታ በ«አ» ብቻ ማዜምም አለ፤ ስሞቹ ሲቀሩ «ሪ» እንደገና ሊሸሽ ስለሚችል በደንብ አድምጡ።

ቀጥሎ ድምፅ እየደረቡ የሚሄዱት ጃንታ፣ ከዚያም በሰባቱ ታላዎች የሚዜሙት አላንካራም ይመጣሉ። ጎረቤት ዘፈን እንድታሰማው ሲጠይቅ አላንካራም አሰሙት፤ ለመዝሙር አትቸኩሉ። ጊታም የሚባሉት የመጀመሪያዎቹ መዝሙሮች በማላሃሪ ናቸው፣ እሱም ከማያማላቫጎውላ የሚወለድ ራጋ ነው። እኛ ዘንድ እስከዚያ ለመድረስ ዘጠኝ ወር ፈጀ። መምህርቷ የመጀመሪያውን መስመር ሲሰጧት «ሪ»ን ሳትፈልግ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቦታው ላይ አስቀመጠችው።