ጌት ብላችሁ የወሰዳችሁትን መልሱ፦ በሊኑክስ ከርነል ሞጁል ኮድ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ድራይቨር (ከርነሉ አንድን መሣሪያ የሚያዝበት ኮድ) መጻፍ ከሚለማመዱ ልጆች ጋር ኮድ አያለሁ። ኮዱ ይለያያል፤ ስህተቱ ግን አንድ ነው። የእድር ዕቃ ቤት ኃላፊ ድንኳን ሲያወጣ ይመዘግባል፣ ሲመለስ ይሰርዛል። ሪፈረንስ ካውንትም (አንድን ነገር ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚመዘግብ ቆጣሪ) እንደዚያ ነው። በ«ጌት» የወጣ በ«ፑት» ካልተመለሰ ሜሞሪው አይለቀቅም።

የሚያንገበግበኝ ከሉፕ መሃል መውጣት ነው። «ፎር ኢች ቻይልድ ኦፍ ኖድ» የሚባለው ሉፕ በየዙሩ ያለፈውን ኖድ (መሣሪያዎችን ከሚዘረዝረው ዛፍ አንዱን ቅርንጫፍ) ራሱ ይመልሳል፣ ቀጣዩን ይይዛል። እስከ መጨረሻው ከሄደ ችግር የለም። መሃል ላይ ኤረር መጥቶ ሪተርን ወይም ብሬክ ስትሉ ግን የተያዘውን ኖድ የሚመልስ የለም። «ኦፍ ኖድ ፑት» ማለት የእናንተ ሥራ ነው። ስንቴ ልንገራችሁ! ኮዱን ሲሳካ ብቻ አታንብቡት። ሲከሽፍ በየት እንደሚወጣ በጣታችሁ ተከተሉት። ሊኩ (ሳይለቀቅ የሚቀረው ሜሞሪ) ያለው እዚያ ነው። «ኮንቲኒዩ» ላይ ግን ፑት አትጨምሩ፤ እሱን ሉፑ ይሠራዋል።

ትርፍ ፑት ከሊክ ይብሳል። አንድ ጎበዝ ልጅ ሊክ ላጥፋ ብሎ በየቦታው ፑት ጨመረ። ሞጁሉን ሲያወጣው ማሽኑ ቀጥ አለ። ቆጣሪው ቀድሞ ዜሮ ገብቶ፣ የተለቀቀውን ሜሞሪ ሌላ ኮድ እየነካው ነበር። «ኦፍ ፋይንድ ኖድ ባይ ኔም» ለምሳሌ መነሻ ብላችሁ የሰጣችሁትን ኖድ ራሱ ፑት ያደርገዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጌቱን ማን እንደወሰደ አረጋግጡ።

መሣሪያን የሚያስመዘግበው «ዲቫይስ ሬጅስተር» ሲከሽፍ «ኬፍሪ» (ሜሞሪውን በቀጥታ መልቀቅ) አይባልም፤ «ፑት ዲቫይስ» ነው።

የሚቀጥለውን እኔም ሠርቼዋለሁ። መሣሪያውን ከእንቅልፍ የሚያነቃው «ፒኤም ራንታይም ጌት ሲንክ» ቢከሽፍም ቆጣሪውን ይጨምራል። ይህን ባለማወቄ መሣሪያው ለምን አይተኛም ብዬ ሁለት ቀን ደከምኩ። አሁን «ፒኤም ራንታይም ሪዙም ኤንድ ጌት» እጠቀማለሁ፤ ሲከሽፍ ቆጣሪውን ራሱ ይመልሳል።

ቆጣሪ በተራ ኢንቲጀር አትሥሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ከርነል 4.11 ጀምሮ «ሪፍካውንት ቲ» የሚባል የቆጣሪ ዓይነት አለ። ቁጥሩ ሞልቶ ወደ ዜሮ እንዳይዞር ያግደዋል፣ ማስጠንቀቂያም ያወጣል።

ሞጁል የሚያወጣው ትዕዛዝ «አርኤምሞድ» ሞጁሉ ሥራ ላይ ነው ካላችሁ በግድ አታውጡት። የተጫኑ ሞጁሎችን በሚዘረዝረው «ኤልኤስሞድ» ሦስተኛው ዓምድ ላይ ያለውን የተጠቃሚዎች ቁጥር እዩ። የተከፈተ ፋይል ወይም የሚጠቀምበት ሌላ ሞጁል ከሌለ «ትራይ ሞጁል ጌት» (የሞጁሉን ቆጣሪ የሚጨምረው ጥሪ) ያለበትን መስመር ሁሉ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከእነሱ በአንዱ የኤረር መውጫ ላይ «ሞጁል ፑት» ጎድሎ ይገኛል።